ቤዙ የጠፋበት ሄድፎን፦ ድራይቨሩን ከመንካትዎ በፊት ትራሱን ይመርምሩ

ውድ ሄድፎኖችን መጠገንና ድምፃቸውን ማስተካከል ከጀመርኩ ወዲህ ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት አቤቱታዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ «ቤዙ ጠፋ»፣ «አንደኛው ጎን ደከመ»፣ «ትራሱን ስቀይረው ድምፁ ሌላ ሆነ»። ባለቤቱ ድራይቨሩ፣ ማለትም በሄድፎኑ ቤት ውስጥ ያለው ትንሹ ስፒከር፣ መሞቱን አምኖ ይመጣል። ድራይቨሩ ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ያለው ጆሮን በሚከበው ትራስ ላይ ነው። ገመዱንና ጃኩን መፈተሽን፣ በሌላ ስልክ ወይም አምፕሊፋየር መሞከርን አንባቢ አስቀድሞ እንዳደረገው ቆጥሬ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ምልክት፦ ቤዙ ሳስቷል ወይም አንዱ ጎን ደክሟል

ጀርባው የተዘጋ ሄድፎን ዝቅተኛውን ድምፅ ለጆሮ የሚያደርሰው በትራሱና በጆሮው መካከል የታፈነውን አየር በመግፋትና በመሳብ ነው። ያ አየር ማምለጫ ካገኘ ግፊቱ ይጠፋል፤ በተለይ ከ200 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ አብሮት ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ብዙም ሳይነካ ስለሚቀር ሰሚው ቀጭንና ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ይሰማል። የመነጽር ዘንግ የሚከፍተው ክፍተት ብቻውን በአንዳንድ ዝግ ሄድፎኖች ላይ ዝቅተኛውን ቤዝ ከ10 ዴሲቤል በላይ ሊያወርደው ይችላል። በ1997 እንደወጣው ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 ያሉት ጀርባቸው ክፍት የሆኑት ለክፍተት ያን ያህል ስሱ አይደሉም፤ እነሱን የሚጎዳቸው የትራሱ መጠፍጠፍ ነው። ስፖንጁ ሲደክም ጆሮ ወደ ድራይቨሩ ይጠጋል፤ ይህ ርቀት በጥቂት ሚሊሜትር በተለወጠ ቁጥር የድምፁ ሚዛን አብሮ ይለወጣል።

ምርመራው ካቻቪቴ አይፈልግም። መጀመሪያ የ40 ኸርዝ ድምፅ በለሆሳስ ያጫውቱና ሄድፎኑን እንደለመዱት አድርገው ሁለቱንም ጎኖች በመዳፍዎ ቀስ ብለው ይጫኑ። ቤዙ ሲጫኑ ከጨመረና ሲለቁ ከወረደ አየር እያመለጠ ነው፤ ድራይቨሩን የሚያስከፍት ምክንያት የለም። ቀጥሎ ሄድፎኑን ግራና ቀኙን አዙረው ያድርጉት። ድካሙ ወደ ሌላኛው ጆሮ ከተዛወረ ችግሩ የሄድፎኑ ነው፤ በዚያው ጆሮ ላይ ከቀረ ግን የጆሮዎ ወይም የራስዎ ቅርፅ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ጠጋኝ አይበይደውም። በመጨረሻ የግራውን ትራስ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዛውሩ፤ ድካሙ ትራሱን ተከትሎ ከሄደ ጉዳዩ አለቀ።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሆኖም አንድ ድምፅ የሚቀርጽ ወጣት «ጋሼ፣ ግራው ሞቷል፤ ሁለት ቦታ አስከፍቼዋለሁ» ብሎ ያመጣልኝን ሄድፎን አልረሳውም። የድራይቨሩ ብየዳ ሁለት ጊዜ ፈልቶ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ጠቁሯል። ትራሱን በአውራ ጣቴ ስዳብስ ከታች በኩል የሌባ ጣት ያህል ርዝመት ያለው ጠርዝ ከመግቢያው ሳይገባ ተጣጥፎ ቀርቷል። ክፍተቱ በዓይን አይታይም፤ ሞባይል መብራቱን ወደ ውስጥ ሳበራው ነው ብርሃኑ በስንጥቁ የወጣው። ጠርዙን በጥፍሬ ገፍቼ አስገባሁት፤ ቤዙ ተመለሰ። ልጁ ለሁለት ብየዳ የከፈለው ገንዘብ ግን አልተመለሰለትም፤ የጠቆረው ፕላስቲክም እንደጠቆረ ቀረ። ትራስ ሳይመረምር መበየጃ የሚያሞቅ ጠጋኝ የሰው ንብረት ያበላሻል።

ሌላዋ ደንበኛዬ በየጊዜው ቤዙ እንደሚጠፋና ተመልሶ እንደሚመጣ የምትናገር እህት ነበረች። ሄድፎኑን ስለካው ምንም የለውም። በሦስተኛው ጊዜ ስትመጣ ሹሩባ ተሠርታ ነበር፤ ሄድፎኑን አድርጋ ስትቀመጥ ትራሱ ከጆሮዋ በስተኋላ በጉንጉኖቹ ላይ እንደ ድልድይ ቆሞ፣ በመካከላቸው እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት አየሁ። ቤዙ የሚጠፋው ፀጉሯን በተሠራች ቁጥር ነበር። ለእርሷ የሠራው ስፖንጁ ለስለስና ወፈር ያለ ትራስ ነው፤ ጠንካራ ትራስ በጉንጉን ላይ አይተኛምና። ፀጉር ለሚቀባ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ቅቤም ሆነ የፀጉር ዘይት ሰው ሠራሽ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ከከፋይ (ቬልቬት) የተሠራውንም ትራስ ያጣብቀዋል። ፀጉር ተቀብቶ ሄድፎን ማድረግ ግድ ከሆነ ሻሽ ጣል ያድርጉ፤ ስስ ሻሽ የሚያስወጣው አየር ከተሰነጠቀ ቆዳ ያነሰ ነው።

ስለ ምትክ ትራስ ስጽፍ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሳጥኑ ላይ «ለሁሉም ሞዴል ይሆናል» የሚል ትራስ ለማንም በትክክል አይሆንም። ከዱባይ በሰው የመጣ አንድ ጥንድ በካሊፐር ስለካ ግራው 21 ሚሊሜትር፣ ቀኙ 18 ሚሊሜትር ወጥቷል፤ ሁለቱም በአንድ ከረጢት የታሸጉ ናቸው። ባለቤቱ ዘፋኙ ወደ አንድ ጎን እንዳጋደለ ነግሮኝ ነበር፤ ማጋደሉ ታዲያ ምን ይገርማል? ምትክ ሲገዙ አራት ነገሮችን ከድሮው ጋር ያመሳክሩ፦ የትራሱን ውፍረት፣ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት፣ የጨርቁን ዓይነት፣ እንዲሁም በድራይቨሩ ፊት የሚዘረጋውን ስስ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ። ቆዳ አየርን ስለሚይዝ ቤዝን ይጨምራል፤ ከፋይና ቀዳዳ ያለው ቆዳ አየር ስለሚያሳልፉ ይቀንሱታል። ወፍራም ትራስ ጆሮን ስለሚያርቅ መካከለኛውን ድምፅ ያጎደጉዳል። ትራስ መቀየር በራሱ ድምፅ መቀየር መሆኑን ሻጮች አይናገሩም።

የከፋይ ትራስ ይታጠባል። ከቤቱ ያውጡት፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይጫኑት፣ አይጠምዝዙት፣ ጥላ ውስጥ ሙሉ ቀን ያድርቁት። ፀሐይ ላይ አያስጡት። እርጥብ ትራስ አይግጠሙ።

ምልክት፦ ማሻሻያ ተደርጎለታል፤ ግን ተሻሽሏል ወይስ ተለውጧል?

የድራይቨሩን የኋላ መተንፈሻ በፕላስተር መድፈን፣ በቤቱ ውስጥ ፌልት መለጠፍ፣ ከጀርባው ያለውን ስፖንጅ ማውጣት የተለመዱ ማሻሻያዎች ናቸው፤ ሁሉም ድምፅ ይለውጣሉ። ስህተቱ የሚጀምረው ሲነጻጸሩ ነው። ሰው ሄድፎኑን ፈትቶ፣ ለጥፎ፣ ገጥሞ ከአርባ ደቂቃ በኋላ «ተሻለ» ይላል፤ ጆሮ ግን የድምፅን ዝርዝር ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ሰኮንዶች ነው። ከሁለቱ አንዱ በ1 ዴሲቤል እንኳ ከጮኸ ሰሚው መጮሁን ሳያውቅ ጥራቱን ያደንቃል።

ስለዚህ እኔ የምሠራው አንዱን ጎን ብቻ ነው። ቀኙን ለውጬ ግራውን እንደነበረ እተዋለሁ፤ ከዚያም ሞኖ ቅጂ፣ ማለትም በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው ቅጂ፣ አጫውቼ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እሰማለሁ። ሄድፎኑን አዙሬ እደግመዋለሁ፤ የአንዳችን ሁለት ጆሮዎች እኩል አይደሉምና። ከዚያ በኋላ ነው የጩኸቱን መጠን ፒንክ ኖይዝ በሚባለው ወጥ የሹሹታ ድምፅና በድምፅ መለኪያ አስተካክዬ የምፈርደው። መለኪያውን መሃሉ በተበሳ ካርቶን ላይ ማስቀመጥና ትራሱን ካርቶኑ ላይ ማሳረፍ በቂ ነው፤ የሰው ጆሮን የሚተካ ልኬት ባይሆንም ሁለቱን ጎኖች እርስ በርስ ለማመሳከር ያገለግላል። አንድ ንብርብር ፕላስተር ጨምረው ይስሙ፤ ሰባት ንብርብር በአንድ ጊዜ ለጥፎ የመጣ ሰው የትኛው ምን እንደሠራ ሊነግረኝ አልቻለም፤ ሁሉንም ልጠን ከዜሮ ጀመርን። የሚለጠፈው ደግሞ ሳይቀድ የሚነሳ የወረቀት ፕላስተር ይሁን። ፈጣን ሙጫ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ትነቱ እየተርገበገበ ድምፅ በሚያወጣው የድራይቨሩ ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል፣ የተለጠፈውም ሳይቀደድ አይነሳም።

ትሬብሉ የሚወጋ ሄድፎን ላይ ግን ከፌልት በፊት ኢኳላይዘር፣ ማለትም የድምፁን ክልሎች ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ማስተካከያ፣ ይሞክሩ። በ2009 የወጣው ሰንሃይዘር ኤችዲ 800 በ6 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለው የድምፅ ጉብታ የታወቀ ነው፤ ሰሪዎቹም በኋላ ባወጡት ኤችዲ 800 ኤስ ላይ ያንን ጉብታ የሚውጥ ክፍል ጨምረውበታል። ጠባብ ቅነሳ በኢኳላይዘር ሲያደርጉ የማይወዱትን በአንድ ንክኪ ይመልሱታል።

ምልክት፦ ቤዝ ሲመታ ይንዛረራል

ብዙውን ጊዜ አንድ ፀጉር ነው። የድራይቨሩ ስስ ሽፋን ላይ ያረፈ ፀጉር ከበሮ በተመታ ቁጥር ይርገበገባል፤ ድምፁም የተቀደደ ስፒከር ይመስላል። ትራሱን ያንሱ፣ ስሱን ስፖንጅ ያውጡ፣ በጎን በኩል መብራት ይያዙ፤ ፀጉሩ ሲያበራ ይታያል። የብረት ወረንጦ ግን አያቅርቡ! ማግኔቱ ወረንጦውን ከእጅ ነጥቆ ሽፋኑን ሲበሳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተበሳ ሽፋን አይጠገንም። የፕላስቲክ ወረንጦ ወይም ጫፉ ላይ እስኮች የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ይጠቀሙ። በታመቀ አየር አይንፉ፤ ሽፋኑን ያጎደጉደዋል። በአፍም አይንፉ። በቫኪዩም አይሳቡ። አሮጌ ሄድፎን ከሆነ ስፖንጁ ራሱ ፈርሶ ፍርፋሪው ሽፋኑ ላይ ወርዶ ይሆናል፤ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ስፖንጅ ዛሬውኑ ይቀየር።

ምልክት፦ ገመድ ከተቀየረ በኋላ ዘፋኙ ከመሃል ጠፋ

የአንዱ ጎን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጧል። ሞኖ ቅጂ ያጫውቱ፤ ድምፁ በራስዎ መሃል አንድ ነጥብ ላይ ካልቆመና ወደ ሁለቱ ጎኖች ከተበተነ ምርመራው አልቋል። የአንዱን ጎን ሁለት ሽቦዎች ብቻ ያገላብጡ። መበየጃውን ከሁለት ሰኮንድ በላይ አያቆዩ፤ ከድራይቨሩ የሚወጣው የኮይል (ሽፋኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ሽቦ ከፀጉር የማይወፍር ነው። የመበየጃውንም ጫፍ ማግኔቱ ይስበዋልና እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ያስደግፉ። ባላንስድ አምፕሊፋየር (ለግራና ለቀኝ የየራሳቸው ኔጌቲቭ ያለው) ለሚጠቀሙም የግራና የቀኝ ኔጌቲቭ በጭራሽ አይገናኙም፤ የሚቃጠለው አምፕሊፋየሩ ነው።

ምልክት፦ በአንዱ አምፕሊፋየር ቤዙ ይወፍራል፣ በሌላው አይወፍርም

የአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም በኦም የሚለካው ለኤሌክትሪክ ያለው እንቅፋት፣ ከፍተኛ ነው። በ2003 የወጣው ኤችዲ 650 ላይ 300 ኦም ቢጻፍም በ100 ኸርዝ አካባቢ ወደ 500 ኦም ይወጣል፤ መውጫው 120 ኦም በሆነ አምፕሊፋየር ላይ ያ አካባቢ ወደ 1 ዴሲቤል ይነሳል። 32 ኦም ተጽፎባቸው ኢምፒዳንሳቸው በቤዝ በኩል በሚያሻቅብ ሄድፎኖች ላይ ልዩነቱ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። የመውጫው ኢምፒዳንስ ከሄድፎኑ ስምንተኛ እጅ እንዳይበልጥ ያድርጉ። ፕላናር ሄድፎኖች (ኮይላቸው በሽፋኑ ላይ የተዘረጋ) ኢምፒዳንሳቸው አንድ ወጥ ስለሆነ ይህ አይነካቸውም።

እምብዛም የማይገጥሙ

የተቆረጠ ኮይል፦ 300 ኦም የተጻፈበት ሄድፎን በሜትር ወደዚያ የቀረበ ቁጥር ካላሳየና ገመዱ ደህና ከሆነ ድራይቨሩ ይቀየራል፤ ሲቀየርም ጥንዱ አብሮ ይቀየር።

ዝግ ሄድፎን ሲያደርጉት ቀጭን ኩርፍ የሚል ድምፅ ከሰሙ ሽፋኑ በአየር ግፊት ተለጥጦ ነው፤ ትራሱን ቀስ ብለው ያሳርፉ፣ በኃይል አይጫኑት።

ኤሌክትሮስታቲክ የሚባሉት (ሽፋናቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚንቀሳቀስ) እንደ ስታክስ ያሉ ሄድፎኖች ላይ አንዱ ጎን ከደከመ እኔ አልከፍታቸውም። በስታክስ ፕሮ መስመር የሚሄደው 580 ቮልት ነው። ሌሊቱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው ደረቅ ቦታ ያሳድሩትና በማግስቱ ይሞክሩት፤ እርጥበት ከነበረ ሁለቱ ጎኖች ይስተካከላሉ፤ ካልተስተካከሉ ለእነዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ጋር ይውሰዱት።