የፖሊስና የነዋሪው ጥምረት ወንጀል መቀነሱን እንዴት መመዘን ይቻላል?

ፖሊስና ነዋሪ አብረው መሥራት በጀመሩ በዓመቱ «ወንጀል ቀንሷል» የሚል ሪፖርት ይቀርባል፤ ተሰብሳቢውም ያጨበጭባል። ቅነሳው በእርግጥ የጥምረቱ ሥራ ውጤት መሆኑን ለማወቅ ግን የሚከተለውን ማድረግ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ችግሩን አጥብቡት። «ወንጀልን መቀነስ» አይመዘንም፤ «ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ገበያው ባለው መንገድ ላይ ከመሸ በኋላ የሚፈጸም የስልክ ቅሚያ» ግን ይመዘናል።

ቀጥሎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነበረውን የሁለትና ሦስት ዓመት ቁጥር በየወሩ ለይታችሁ ሰብስቡ። ጥምረት አብዛኛውን ጊዜ የሚቋቋመው ወንጀል በባሰበት ሰሞን ነው፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ማንም ሳይነካው ወደ ወትሮው ሊመለስ ይችላል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በፖሊስ መዝገብ ብቻ በመተማመናቸው ነው። ነዋሪው ፖሊስን ማመን ሲጀምር ቀድሞ በዝምታ ያልፈው የነበረውን ስርቆት ያመለክታል፤ መዝገቡም ያብጣል። ስለዚህ በዕጣ የተመረጡ ቤቶችን እያንኳኳችሁ «ባለፉት 6 ወራት ንብረት ተሰርቆብዎታል? ለፖሊስ አመልክተዋል? ካላመለከቱ ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂው ፖሊስ ወይም የጥምረቱ ኮሚቴ አባል ከሆነ ከምስጋና በቀር ሌላ መልስ አትጠብቁ። ስብሰባ የሚያዘወትሩትን ብቻ መጠየቅም ተከራዩን፣ ወጣቱንና የሌሊት ሠራተኛውን ያስቀራል።

ከዚያ ጥምረቱ ያልደረሰበት፣ በሌላው ነገር ግን የሚመሳሰል ሰፈር ፈልጉ። በሁለቱም እኩል ከቀነሰ ምክንያቱ ሌላ ነው። አዋሳኙ ሰፈር ለማወዳደሪያ አይሆንም፤ ቀማኛው ወደዚያ ተሻግሮ እንደሆነ ለማወቅ ለብቻው ይታይ።

የታቀደው መሠራቱንም አጣሩ። ቃለ ጉባኤዎቹን አገላብጡ፤ ነዋሪው «የመንገዱ መብራት ይጠገን» ካለ በኋላ መብራቱ በስንት ቀን በራ? ሰፈሩን የለመደው ፖሊስ ተዛውሮ ይሆን? በብራዚል፣ በኮሎምቢያ፣ በላይቤሪያ፣ በፓኪስታን፣ በፊሊፒንስና በኡጋንዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ ሥራ፣ ማለትም እንዲህ ያለው የፖሊስና የነዋሪ ጥምረት፣ በነዋሪው እምነትም ሆነ በወንጀል ላይ ያመጣው ለውጥ አላገኘም። ተመራማሪዎቹ ካነሷቸው ምክንያቶች መካከል የፖሊስ አመራር ቶሎ ቶሎ መቀያየርና የአቅም ማነስ ይገኙበታል። እኔ ብሆን በሪፖርቱ ውስጥ የታቀደው መሠራት አለመሠራቱን የሚያሳየውን ክፍል ከወንጀል ቁጥሮቹ አስቀድመዋለሁ፤ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ጥምረት ቁጥሩ ቢወርድ አይመሰገንበትም፣ ቢወጣም አይወቀስበትም።