ጣናን ፊታችሁ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት፦ ፎቶ ስናደራርብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጓደኞቼ ሁሉ ሰሞኑን ፊታቸው ውስጥ ጣናን እየከተቱ ነው፤ ማለትም የራሳቸው ፎቶ ላይ የሐይቁን ፎቶ በስልክ አፕ እየደረቡ። አሪፍ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ፎቶው ሲበላሽ የሚወቀሰው አፑ ነው፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ግን ገና ሐይቁ ዳር ቆመን ስናነሳ ነው።

በ6 ሰዓት መውጣት። ባህር ዳር ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢማ ብርሃኗ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ግንባርና አፍንጫ ያበራል፣ ዓይን ጉድጓድ ይገባል። እህቴን አንዴ በዚህ ሰዓት አንስቻት "ታምሜ የተነሳሁ አስመሰልከኝ እኮ!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ውጡ። ማታ ደግሞ አትዘግዩ፣ ማኪያቶ አዛችሁ እስኪመጣ ብርሃኑ ያልቃል።

የግድ ቀን ላይ ከሆነስ? ሰውየውን ከበር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሩት። ወይም ሁለት ሰው ስስ ነጠላ ከላይ ዘርግቶ ይያዝለት፤ ብርሃኑ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ብርም አይጠይቅም።

የተገኘው ዛፍ ሥር ማቆም። በቅጠል መሃል የሾለከ ብርሃን ፊትን እንደ ነብር ቆዳ ያዥጎረጉረዋል። ዘጌ የቡናው ጫካ ውስጥ ካነሳችሁ ታውቁታላችሁ። ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ፈልጉ፣ አለቀ።

ፊቱን በደንብ አለማጥቆር። ዋናው ይሄ ነው። ሌላ ጊዜ ሐይቁን ከጀርባ አድርገን ስንነሳ ስልኩ የውሃውን ብርሃን ለክቶ ፊታችንን ያጠቁረዋል፣ እኛም እንናደዳለን። ለድርብ ፎቶ ግን የምንፈልገው ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ፎቶ የሚገባው በጥቁሩ ቦታ ነው። እንዲህ ሞክሩት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጓደኛችሁ በጎን ይቁም። እናንተ ቁጢጥ በሉና ጭንቅላቱ ባዶ ሰማይ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፤ ከኋላው ዘንባባ ካለ ፀጉሩ ላይ የበቀለ ይመስላል። ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ነካ አድርጋችሁ ሰውየው ከሰል እስኪመስል ብርሃኑን ቀንሱ። ከዚያ ደንገሉን ጠጋ ብላችሁ አንሱ። ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ላይ ደብል ኤክስፖዠር (ሁለት ፎቶ የሚደርበው) ውስጥ ገብታችሁ ላይትን (Lighten) የሚለውን ስትመርጡ በየቦታው ከሁለቱ ፎቶ ደመቅ ያለው ብቻ ይቀራል፦ ሰማዩ ነጭ እንደሆነ ይቆያል፣ ደንገሉ ፊቱ ውስጥ ይበቅላል። ፊቱ ግራጫ ከሆነ ግን ደንገሉ መግቢያ ያጣል፣ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል።

ግርግር በግርግር ላይ። ጥለቱ የደመቀ ቀሚስ ላይ የገበያ ፎቶ ብትደርቡ ማን ሰው፣ ማን ቲማቲም እንደሆነ አይለይም። አንዱ ፎቶ ዝም ያለ ይሁን።

ሁለተኛውን ፎቶ እንደመጣ መተው። በጣት ጎተት፣ ዞር፣ ሰፋ አድርጉት። የአንድ ጓደኛዬ ፎቶ ላይ የታንኳው ጫፍ በጆሮው ወጥቶ ነበር፤ እስካሁን "ቀዛፊው" ነው የምንለው።

ፊት ማንጣት። እባካችሁ ተዉት። ጠይም ቆዳ የማታ ፀሐይ ሲያርፍበት ራሱ ያበራል።

ሳይጠይቁ ማንሳት፣ ነጭ ልብስ በብርሃን እንደሚጠፋም መርሳት። አንድ ታንኳ የሚቀዝፉ አዛውንት "አባባ፣ ላንሳዎት?" ስላቸው "ቆይ ልጄ፣ ጋቢዬን ላስተካክል" ብለው መቅዘፊያቸውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው፣ እጥፉን እያዩ ነው ያስተካከሉት። እኔ ደግሞ ፊታቸው ደመቅ እንዲል ብዬ ብርሃኑን ከፍ አድርጌ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ፊታቸው ቆንጆ ወጥቷል፣ ያ ሁሉ የተለፋበት ጋቢ ግን ነጭ ወረቀት ሆኗል። አንድ እጥፍ እንኳ አይታይም።