ስታዲየም ለማየት አውሮፓ ለምትሄዱ፦ ከኳሱ በፊት የኛ ልጆች የሮጡበትን እዩ

«አውሮፓ ስሄድ የትኛውን ስታዲየም ልይ?» ለሚል ሰው መልሱ ሁሌ ያው ነው፣ ኤሜሬትስ፣ ኦልድ ትራፎርድ፣ አንፊልድ። ቲፎዞ ከሆናችሁ አልፈርድም፣ ሂዱ። ግን ጨዋታ በሌለበት ቀን የሚደረገው ቱር ባዶ ወንበር አይቶ፣ መልበሻ ክፍል ገብቶ፣ ከተሰቀለ ማሊያ ጋር ፎቶ ተነስቶ በሱቁ በኩል መውጣት ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን ልግባ ካላችሁ ደሞ የትልልቆቹ ክለቦች ትኬት ቅድሚያው ለአባላት ስለሆነ ከመንገድ ሰው መግዛት ይመጣል፣ እሱ ዋጋውም አይቀመስም፣ ፎርጅድም አለበት። በዛ ላይ እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ ስለሌለች ለብቻዋ ሌላ ቪዛ ትፈልጋለች።

እኔን ብትሰሙኝ የመጀመሪያ ጉዟችሁን ለሩጫ ስታዲየም አድርጉት። ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ መሰረት፣ ለተሰንበት ሪከርድ ከሰበሩባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ከትልቅ የኳስ ጨዋታ ጋር ሲነጻጸር ትኬት ይገኛል፣ አትሌቶቹም አጠገባችሁ ነው የሚያልፉት። ሆላንድም ኖርዌይም ቤልጂየምም ስዊዘርላንድም ጀርመንም ጣልያንም በአንድ የሼንገን ቪዛ ይታያሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቀኑን፣ ከዛ ቪዛውን

ብዙ ሰው ቪዛ አግኝቶ፣ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ፣ እዛ ከደረሰ በኋላ ነው «ምን አለ?» የሚለው። እናንተ ገልብጡት። የሩጫ ስታዲየም ውድድር ከሌለበት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ያለ ሜዳ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የዓመቱን የዳይመንድ ሊግ (በየዓመቱ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ትልቁ የአትሌቲክስ ውድድር) ፕሮግራም አውጡና ከሱ ተነሱ። በአብዛኛው ኦስሎ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው፣ ሄንግሎ ዳይመንድ ሊግ ውስጥ ባይሆንም እሱም በዛው ሰሞን ነው፣ ዙሪክና ብራሰልስ ደሞ ወደ ነሐሴ መጨረሻና ከዛ በኋላ ይገፋሉ። ኦሎምፒክ ወይ የዓለም ሻምፒዮና ባለበት ዓመት ቀኖቹ ይቀያየራሉ፣ ያለፈውን ዓመት አይታችሁ እንዳትቆርጡ።

ቀኑን ካያችሁ በኋላ የርቀቶቹን ዝርዝር እዩ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሁሉም ከተማ ላይ 5 ሺ ሜትር የለም፣ አንዳንዱ ጋ የሴቶች ብቻ ነው፣ አንዳንዱ 3 ሺ ነው፣ 10 ሺ ደሞ ዳይመንድ ሊግ ላይ እምብዛም አይሮጥም። ዝላይና ውርወራ ብቻ አይታችሁ መመለስ ካልፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። 3 ሺ መሰናክልንም አትናቁ፣ ለሜቻ ግርማ በ2023 ፓሪስ ሻርሌቲ ስታዲየም ላይ 7:52.11 ሮጦ የዓለም ሪከርድ የሰበረው በሱ ነው።

ቪዛው፦ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ 15 ቀን ሲቀረው ግን በሩ ይዘጋል፣ እና ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ወቅት ሰው የሚበዛበት ስለሆነ ቀጠሮውን ቀደም ብላችሁ ያዙ። የምታመለክቱት ብዙ ቀን የምታድሩበት አገር ኤምባሲ ነው፣ ኦስሎ ሁለት ሌሊት ብራሰልስ አምስት ሌሊት ካላችሁ ቤልጂየም ጋ ነው ማለት ነው። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ዶሃ ያላችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ እስከሰራ ድረስ እዛው ታመለክታላችሁ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ይሄን ዝለሉት።

ሄንግሎ፣ አንድ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ

ሄንግሎ በሆላንድ ምስራቅ በኩል ለጀርመን ድንበር የቀረበች፣ ቱሪስት ዞር ብሎ የማያያት ከተማ ናት። ስታዲየሙ የተሰየመው በፋኒ ብላንከርስ ኩን ነው፣ በ1948 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ 4 ወርቅ በወሰደችው ሆላንዳዊት። ለኛ ግን ከካምቦሎጆ ቀጥሎ ሁለተኛ ሜዳችን በሉት። ኃይሌ የመጀመሪያ የዓለም ሪከርዱን በ1994 የሰበረው እዚህ ነው፣ በ5 ሺ፣ 12:56.96። በ1995 ተመልሶ 10 ሺውን 26:43.53፣ በ1998 እንደገና 26:22.75። በ2004 ደሞ ቀነኒሳ መጣና የኃይሌን የ5 ሺ ሪከርድ 12:37.35 አድርጎ ወሰደው፣ ያ ሰዓት እስከ 2020 ማንም አልነካውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን 2021 ነው። ሰኔ 6 ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን 10 ሺ ሜትር 29:06.82 ገብታ የዓለም ሪከርድ ሰበረች፣ ሆላንዶች ገና ደስታቸውን ሳይጨርሱ ሰኔ 8 እዛው መም ላይ ለተሰንበት ግደይ 29:01.03 ገባች። ለተሰንበት የሮጠችው በኛ በራሳችን የኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ ነው፣ የኢትዮጵያ ማጣሪያ ሆላንድ! አዲስ አበባ ከፍታዋ ለልምምድ ነው እንጂ ለሰዓት አይሆንም፣ አየሩ ስስ ነው፣ ጥሩ ሰዓት ለማስመዝገብ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ግድ ነው። የኃይሌም የቀነኒሳም ማናጀር የነበረው ዮስ ሄርመንስም ሆላንዳዊ መሆኑን ስታስቡ ለምን ሄንግሎ እንደሆነ ይገባችኋል።

አካሄዱ ቀላል ነው፣ ከአምስተርዳም በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ማደሪያ እዛው ካጣችሁ ጎረቤቷ ኤንስኼዴ አለች፣ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ስለሆነች ማታም ሰው አለ፣ ምግብም ይገኛል። ሄንግሎ ራሷ ቀን ላይ የምታዩት ነገር ብዙ የላትም፣ ጠዋት መጥታችሁ ከተማ እጎበኛለሁ ካላችሁ ትሰለቻላችሁ፣ ከሰዓት ላይ ግቡ።

ኦስሎ

ቢስሌት ስታዲየም መሀል ከተማ ነው፣ ከንጉሱ ቤተመንግስት በእግር ትደርሳላችሁ፣ ዙሪያው መኖሪያ ቤትና ካፌ ነው። አሮጌው ፈርሶ በ2005 እንደ አዲስ ተሰርቷል፣ ግን ያው ቦታ ላይ ነው፣ ትንሽነቱንም አልለቀቀም። መቀመጫው መሙ ላይ ተደግፎ ነው የተሰራው፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ሰው ከፊት ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ በእጁ መደብደብ ይጀምራል፣ ጩኸቱ ከሯጮቹ ጋር አብሮ ይዞራል። መሰረት ደፋር በ2007 5 ሺውን 14:16.63፣ ጥሩነሽ በ2008 14:11.15 የሮጡት እዚህ ነው፣ በ2024 ደሞ ሐጎስ ገብረሕይወት 12:36.73 ገብቶ የዓለም ሪከርዱ በ1.37 ሰከንድ አመለጠው፣ ዮሚፍ ቀጀልቻም ከኋላው 12:38.95። ችግሩ ኦስሎ ውድ ናት፣ ሆቴሉም ምግቡም። አንድ ሌሊት አድራችሁ ውጡ። በሰኔ ማታም በደንብ አይጨልምም፣ ጃኬት ግን ያዙ።

ብራሰልስና ዙሪክ

ብራሰልስ፣ ንጉስ ቦድዋን ስታዲየም፣ ቀነኒሳ በ2005 10 ሺውን 26:17.53 የሮጠበት። በሜትሮ ሄይዘል ትወርዳላችሁ፣ አቶሚየም የሚባለው ትልቁ የብረት ሐውልት አጠገቡ ስለሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ትጨርሳላችሁ። ከ1985ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በፊት 39 ሰው ያለቀበት የሄይዘል ስታዲየም ማለት ይሄው ነው፣ መታሰቢያም አለው። ሰፊ ስለሆነ እዚህ ወደ ላይ ያለ ወንበር እንዳትገዙ፣ ሯጭ ሳይሆን ጉንዳን ነው የምታዩት።

ዙሪክ ሌትሲግሩንድ ላይ ኃይሌ በ1995 5 ሺውን 12:44.39 ሲሮጥ የነበረውን ሪከርድ ወደ 11 ሰከንድ ነው የቆረጠው፣ በ5 ሺ 11 ሰከንድ! አሁን ያለው ስታዲየም የ2007 አዲስ ግንባታ ነው። ትኬቱ ቶሎ ያልቃል፣ ከተማዋም ከኦስሎ አትረክስም።

ውድድር የሌለበት ሰሞን ከሆነ፦ በርሊን

ያለ ውድድርም መግቢያ ቢከፈልበት አያስቆጭም የምለው የበርሊኑን ኦሊምፒያስታዲዮን ነው። ለ1936 ኦሎምፒክ ሂትለር ያሰራው፣ ጥቁር አሜሪካዊው ጄሲ ኦወንስ 4 ወርቅ ወስዶ ያበሸቀበት። ከውጭ ስታዩት ያን ያህል ትልቅ አይመስልም፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ነው፣ ከገባችሁ በኋላ ነው ወደ ታች የሚከፈትላችሁ። መሙ ሰማያዊ ነው። በ2009 ቦልት 9.58 የሮጠበት የዓለም ሻምፒዮና ላይ ቀነኒሳ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ወስዷል፣ በአንድ የዓለም ሻምፒዮና ሁለቱን ያሸነፈ የመጀመሪያው ወንድ። ዝግጅት ከሌለ ብቻችሁን በኦዲዮ መዞር ትችላላችሁ፣ ወደ ማራቶን በር ሂዱና ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን የ1936 አሸናፊዎች ስም አንብቡ። በዩ 2 ወይም በኤስ ባን ባቡር ትደርሳላችሁ። መስከረም ላይ ከሆነ ከማራቶኑ ጋር አገናኙት፣ ትግስት አሰፋ በ2023 2:11:53 የገባችበት ብራንደንቡርግ በር ጋ ቆሞ ማየት ነጻ ነው።

ሮም የምታልፉ ደሞ አበበ ቢቂላን ስታዲዮ ኦሊምፒኮ ውስጥ አትፈልጉት። የ1960ው ማራቶን ከካምፒዶሊዮ ተነስቶ ያለቀው ኮሎሲየም አጠገብ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ነው። ሩጫው ማታ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ነው ያበሩት፣ እናንተም ከጨለመ በኋላ ሂዱ፣ ቀን ላይ በሰው ብዛት ምንም አታዩም።

የት ልቀመጥ፣ ምን ልያዝ

ውዱ ወንበር መጨረሻው መስመር ፊት ለፊት ያለው ነው፣ በኛ ጥላ ፎቅ። ለ100 ሜትር ልክ ነው፣ ለረጅም ርቀት ግን እኔ የመጨረሻው ጥምዝ ጋ ያለውን እመርጣለሁ፣ የሚረክስ እሱ ነው፣ ኬንያዊውን ጥሎ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ እዛ ጋ ነው። አሯሯጮቹን (ፍጥነቱን ለመጠበቅ ከፊት ሮጠው የሚወጡትን) እና መሙ ጠርዝ ላይ የሚሮጠውን መብራት ተከታተሉ፣ መብራቱ የተጠየቀው ፍጥነት ነው፣ ሯጩ መብራቱን ከቀደመ ሰዓቱ እየመጣ ነው። ባንዲራ ስትይዙ ረጅም እንጨት አታድርጉበት፣ እንጨቱን በር ላይ ይቀሙታል፣ ትልቅ ቦርሳም እንደዛው።

ከሯጮች ጋር ፎቶ ከፈለጋችሁ አንደኛ የወጣውን ጠብቃችሁ አትድከሙ፣ ኢንተርቪው አለበት፣ የዶፒንግ ምርመራ አለበት፣ ሰዓት ይፈጃል። አራተኛ አምስተኛ የወጡት ግን ጫማቸውን አውልቀው በአጥሩ በኩል ነው የሚያልፉት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ስማቸውን ጥሩ፣ ብዙዎቹ ዞር ይላሉ።