ለተቸገረ ጎረቤት ከሳሙና ጀምሩ

እንደ እኔ አሜሪካ የምትኖሩና የተቸገረ ጎረቤት ያላችሁ፣ ከሳሙና ጀምሩ። ስናፕ የሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጎማ ሳሙና፣ ዳይፐርም ሆነ የሽንት ቤት ወረቀት አይገዛም። ገንዘቡ የሚገባው በወር አንድ ጊዜ ስለሆነ ቤት የሚራቆተው ወሩ ሲገባደድ ነው፤ ያኔ በር አንኳኩ። ዳይፐር ስትገዙ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሕፃን ቶሎ ያድጋል።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ለምትኖረው የኤልሳልቫዶር ተወላጅ ጎረቤቴ ምስር ወጥ የምወስድላት በርበሬውን ቀንሼ፣ በሚጣል ዕቃ አድርጌ ነው። ሳህን ባዶውን መመለስ ለማንም ይከብዳላ! በሰው ፊት ግን ፈጽሞ አትስጡ፤ ያሸማቅቃል። ጎረቤታችሁ ቡና ካቀረበችላችሁ ደግሞ ተቀምጣችሁ ጠጡ፤ እሷም የመስጠት መብት አላት። የልጆቿን የክረምት ጓንትና ካፖርት ብርዱ ሳይገባ አድርሱ።