የቴሌቪዥን ማስታወቂያን አበጥሮ የማየት ዘዴ

ባለፈው ክረምት መሐል ሜዳ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ማታ ማታ እሳቸው የበግ ፀጉር እየፈተሉ፣ እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ፣ ቴሌቪዥን እያየን እናመሽ ነበር። አንድ ቀን የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ መጣ። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ወጣት በአረፋ ከተሞላ ሳፋ ውስጥ የባሏን ሸሚዝ እያወጣች ፈገግ ትላለች፤ ቀሚሷ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ አላረፈችም። አክስቴ እንዝርታቸውን ገታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ውሃ ማን ቀዳላት?» ሲሉ ጠየቁኝ። በደብረ ብርሃን ለተማሪዎች ስለ መገናኛ ብዙኃን ሳስተምር ብዙ ጊዜ ያሳለፍኩ ሰው ብሆንም፣ ያን ማስታወቂያ ደጋግሜ ሳየው ይህ ጥያቄ ወደ አእምሮዬ መጥቶ አያውቅም።

ማስታወቂያን መርምሮ ማየት የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ የሚቆይ ሲሆን፣ ለአየር ሰዓቱ ዋጋ ስለሚከፈልበት በውስጡ በአጋጣሚ የገባ ነገር አይኖርም ማለት ይቻላል፤ የመጋረጃው ቀለም፣ የተዋናይዋ መልክ፣ የአነጋገሯ ዘዬ፣ የወለሉ ንጣፍ ሁሉ ተመርጦ የገባ ነው። ተመርጦ የገባ ካለ ደግሞ ተመርጦ የቀረ አለ። ከአክስቴ ማስታወቂያ የቀረው ውሃ የመቅዳቱ ድካም ነው።

ለሥራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ማስታወቂያ በቀን ደጋግሞ ስለሚተላለፍ አንዱን መርጦ በሞባይል ስልክ መቅዳትና ደብተር ማዘጋጀት ይበቃል። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ ማየት ነው። ማን ቆሟል፣ ማን ተቀምጧል፣ የማን እጅ ይሠራል፣ የማን እጅ ይጠቁማል የሚለውን ያለ አስተያየት መመዝገብ ይገባል። ካሜራው ሰውየውን ከታች ወደ ላይ ካነሳው ገዝፎና ተከብሮ ይታያል፤ ከላይ ወደ ታች ካነሳው ያንሳል። ቀጥሎ ስክሪኑን ሸፍኖ ድምፁን ብቻ ማዳመጥ ነው። ዕቃው የወጥ ቤት ሆኖ ሳለ ስለ ጥራቱ የሚመሰክረው ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ የምትደነቀውና የምትጠይቀው ደግሞ ሴት ከሆነች፣ ዕውቀቱ የማን እንደሆነ ማስታወቂያው ሳይናገር ነግሮናል። ሙዚቃውንም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ መሰንቆ ሲገባ አንጀታችን ይላወሳል፣ ነገር ግን መሰንቆው ለዱቄቱ ጥራት ማስረጃ አይሆንም። በሦስተኛው ዙር ምስሉንና ድምፁን አንድ ላይ አድርጎ፣ ቃሉ የሚለውና ምስሉ የሚያሳየው የት ላይ እንደሚለያዩ መፈለግ ነው።

በዚህ ልዩነት ውስጥ ተደብቀው ከሚገኙት ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ የገበሬው ጉዳይ ነው። ጋቢ የደረበ፣ ዱላ የያዘ፣ ከተማ ሲገባ ግራ የሚጋባ ሰው በማስታወቂያ ውስጥ ያላየ የለም። ጥያቄው ሁልጊዜ የተሳሳተ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የከተማ ወጣት ያስረዳዋል፤ በዙሪያው ያሉት ይስቃሉ። አነጋገሩ ብዙ ጊዜ የእኛ የሰሜን ሸዋ ገጠር አነጋገር ነው፤ የመንዝ ወይም የቡልጋ ሰው እንዲህ ይናገራል ተብሎ የተጋነነ። ቃሉ «አገልግሎታችን ለሁሉም ነው» ሲል፣ ምስሉ ግን ዕውቀት ከአስፋልት ወደ ገጠር ብቻ እንደሚሄድ ያስተምራል። የጣርማ በር ገበሬ የትኛው ማሳ ውርጭ እንደሚመታው፣ የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ ለመኸር ምን እንደሚዘራ፣ የትኛው ገብስ ለቆሎ የትኛው ለጠላ እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በማስታወቂያው ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይነሳም። እንዲህ ያለውን ምስል ደጋግሞ እያየ የሚያድግ የገጠር ልጅ ከተማ ትምህርት ቤት ሲገባ አነጋገሩን ለመደበቅ ሲታገል አይቻለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ተራ ጨዋታ ማለፍ አልችልም።

ጅምላ ፍረጃን፣ ማለትም አንድን ወገን ሁሉ በአንድ መልክ መሳልን፣ ለማጋለጥ ከሞከርኳቸው መንገዶች የሚበልጠው ሰዎቹን ማቀያየር ነው። ጋቢ የለበሰው ያስረዳ፣ ሱፍ የለበሰው ይጠይቅና ይሳሳት፤ አባት ልብስ ይጠብ፣ እናት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ዜና ትከታተል። በክፍሌ ይህን ስንሞክር አንድ ተማሪ «ይህማ ኮሜዲ ሆነ» አለ፤ እኔም ምኑ እንደሚያስቅ እንዲጽፍ ጠየቅኩት። ብዙ ቆይቶ ያስረከበኝ ወረቀት ላይ «አባቴ ስለማያጥብ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሲቀያየሩ የሚያስቅ ወይም የሚያስከፋ ከሆነ፣ ፍረጃው ያለው እዚያ ላይ ነው። ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ግን ጋቢ የታየበት ሁሉ ስድብ ነው ማለት አይገባም፤ ገበሬው ስም አለው ወይ፣ ራሱ ይወስናል ወይ፣ የሚሳቀው ከእሱ ጋር ነው ወይስ በእሱ ላይ ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ሌላው መሣሪያ «ይህን ካልገዛሁ ምን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ማስታወቂያ ዕቃውን ከማሳየቱ በፊት ኀፍረት ይፈጥራል፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል የሚታይ እድፍ፣ የጎረቤት ዓይን፣ ወጡ ያላማረው ባል። «ይህን ዘይት ካልገዛሁ ቤተሰቤን የማልወድ እናት ነኝ» የሚል መልስ ከወጣ፣ እየተሸጠ ያለው ከዘይቱ በፊት ስጋቱ ነው። «ቁጥር አንድ»፣ «በባለሙያዎች የተመሰከረለት» የሚሉትን ቃላት በተመለከተ ደግሞ የትኛው ባለሙያ፣ መቼና ከምን ጋር አወዳድሮ ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ በመሆኗ የቢራ ማስታወቂያን ሳላነሳ አላልፍም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ እስኪከለክል ድረስ፣ እነዚያ ማስታወቂያዎች ስለ ጀግንነት፣ ስለ ወንድማማችነትና ስለ አገር ፍቅር ይናገሩ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ስለ መጠጡ ጣዕም ግን የረባ ነገር ሲነገር ትዝ አይለኝም። አገርን የሚያህል ነገር ከጠርሙስ ጋር ሲታሰር መጠጣት የወግ ያህል ይሆናል። ይህንኑ ማሰሪያ ዛሬ በባንክ፣ በቤት ሽያጭና በበዓል ማስታወቂያዎች ውስጥ መፈለግ ይቻላል። በስፖንሰር የሚቀርቡ የበዓል ዝግጅቶች ላይ አዘጋጁ በወሬው መሐል ዕቃ ሲያመሰግን ደግሞ፣ ያቺን ደቂቃ ማስታወቂያ ብሎ መመዝገብ ይገባል።

ምርመራው ደብተር ላይ እንዳይቀር ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከቋንቋ፣ ከጾታ፣ ከዘር፣ ከሙያ ወይም ከሃይማኖት ጋር በተያያዘ የሰውን ክብርና እኩልነት የሚነካ ማስታወቂያን ይከለክላል። «ሙያ» የሚለው ቃል ግብርናንም የሚያካትት ነው ብዬ አምናለሁ። ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ለጣቢያው፣ መልስ ካጣ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን መጻፍ ይችላል። ደብዳቤው ጣቢያውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል እንዳለ መያዝ አለበት። «ማስታወቂያው ያዋርዳል» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ፣ ከተማሪዎቼ አንዷ እንዳደረገችው፣ «ገበሬው ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ ሦስቱንም ጊዜ ይሳቅበታል፤ ስሙ አንድ ጊዜም አልተጠራም» ብሎ ቆጥሮ ማስፈር ይሻላል።