ኃላፊነት የወሰድን እየመሰለን የምንሸሽባቸው መንገዶች

"እኔ የለሁበትም" ብሎ በግልጽ የሚሸሽ ሰው ብዙም አያታልልም። ሁሉም ያውቀዋል። አስቸጋሪው ሌላ ነው። ኃላፊነቱን የወሰድን መስሎን፣ አንዳንዴም ጨዋ ተብለን ተመስግነንበት፣ በጎን ሹልክ የምንልባቸው መንገዶች አሉ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ባብዛኛው የዚህ ዓይነት ናቸው።

ጥፋተኛው እስኪታወቅ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ

አንድ ነገር ሲበላሽ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "ማነው ያበላሸው?" ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስህተቱ መልሱ እስኪገኝ ሥራውን ማቆሙ ላይ ነው። ጥፋትና ኃላፊነት ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ አይገኙም። መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ መኪና የገጨው ሰው ምንም ጥፋት የለበትም። ሹፌሩ ይጠየቅ፣ ካሳም ይክፈል። ሐኪም ያዘዘውን የእግር እንቅስቃሴ ጠዋት ማታ የሚሠራው ግን ሹፌሩ አይደለም፤ ባለእግሩ ነው። ፍትሐዊ ነው? በፍጹም። ኃላፊነት የሚከብደውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

መሥሪያ ቤትም ያው ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው አዝረክርኮት የሄደውን ሥራ ስንረከብ ለጥቂት ጊዜ እሱን ማማት ይቻላል። ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መዝረክረኩ የእኛ ነው።

"ይቅርታ፣ ግን..."

ሪፖርት በሰዓቱ ያላደረሰ ሰው የሚልከውን መልእክት አስቡት። "ይቅርታ፣ ሪፖርቱ ትንሽ ዘግይቷል። ኔትወርክ አስቸግሮ ነበር። መረጃውም ከሒሳብ ክፍል በጊዜ አልመጣም።" ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ደግማችሁ አንብቡት። ሪፖርቱ በራሱ ጊዜ ነው የዘገየው፤ ኔትወርኩ አለ፣ ሒሳብ ክፍል አለ፣ ጸሐፊው የለም። መቼ እንደሚደርስም አልተነገረም።

አሁን ደግሞ ይሄን እዩ። "ሪፖርቱን አዘግይቻለሁ። ሒሳብ ክፍልን መረጃ የጠየቅኩት ትናንት ነው፤ ቀደም ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ነገ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት እልካለሁ።" አጭር ነው። ለመጻፍ ግን ይተናነቃል።

ይህ ነገር የተተናነቀው ለትልልቅ ሰዎችም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ የተባበሩት ኃይሎች ዋና አዛዥ የነበረው ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ጀርመን የያዘቻት ፈረንሳይ ላይ በተካሄደው የኖርማንዲ ወረራ ዋዜማ፣ ምናልባት ጥቃቱ ከከሸፈ ተብሎ የሚነበብ አጭር መግለጫ በእጁ ጽፎ ነበር። መጀመሪያ ወታደሮቹ እንዲመለሱ ተደርጓል ብሎ ጀመረ። ሰረዘውና ወታደሮቹን መልሻለሁ አለው። መጨረሻው ላይም ጥፋት ካለ የእኔ የብቻዬ ነው ብሎ ዘጋው። ወረራው በአየር ጠባይ ምክንያት በአንድ ቀን የተራዘመ ስለነበር ሰበብ አላጣም ነበር። (ጭንቀቱ ግን ከወረቀቱ ይነበባል፤ ጁን መጻፍ ሲገባው ጁላይ ብሎታል።) ወረራው ተሳካና መግለጫው ሳይነበብ ቀረ።

ራስን መግረፍ

"እኔ እኮ ሁሌም አበላሽ ነኝ፤ ምንም አልረባም።" ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። የሚያመጣውን ግን ተመልከቱ። የተበደለው ሰው ተነስቶ በዳዩን ማባበል ይጀምራል። "ኧረ አይዞህ፣ ምንም አይደለም!" በቃ፣ ጉዳዩ እዚያው ተዳፈነ። የተበላሸውን ማን እንደሚጠግነው የሚጠይቅ የለም። እኔ ይህንን ከሰበበኛው አሳንሼ አላየውም።

"አንዱ ያደርገዋል"

ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ጥናት አሳተሙ። ተማሪዎች ለየብቻ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በማይክሮፎን እንዲወያዩ ተደረገ። በውይይቱ መሀል አንደኛው ተወያይ በሚጥል በሽታ የተያዘ ይመስል መንተባተብና እርዱኝ ማለት ጀመረ። ድምፁ የተቀዳ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን አያውቁም። እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው ብለው ካመኑት ውስጥ 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ ለእርዳታ ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ግን የወጡት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ያልወጡት ጨካኞች ነበሩ እንዳይባል፣ ተመራማሪው ሲገባ የብዙዎቹ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ልጁ ደህና ነው?" ብለው የጠየቁም አሉ። ተጨንቀዋል። ሌላ ሰው አለ የሚለው ሐሳብ ግን ወንበራቸው ላይ አስቀራቸው።

"ይህን ጉዳይ እንከታተለው" ተብሎ የሚበተን ስብሰባ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይወጣል፣ ማንም አይከታተልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ስምና ቀን። ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅም "አምቡላንስ ጥሩ!" ብሎ ለሕዝቡ መጮህ ብዙም አይረዳም። አንዱን ለይቶ "አንተ፣ ቀይ ሹራብ የለበስከው፣ አሁኑኑ ደውል" ማለት ይሻላል። የተጠራው ሰው ሊሾልክበት የሚችለው ቀዳዳ ያኔ ይዘጋል።

የሌላውን ድርሻ መሸከም

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። የልጇን የቤት ሥራ ቁጭ ብላ የምትሠራ እናት ልጇን የረዳች ይመስላታል። የባልደረባውን ስህተት በየጊዜው በዝምታ የሚያርም ሰውም እንዲሁ። ልጁ ፈተና ላይ ብቻውን ሲቀመጥ፣ ባልደረባውም ሌላ ክፍል ሲዛወር ጉዱ ይወጣል። ነገሩ የደግነት ስለሚመስል ማቆሙ ያሳፍራል። ግን ይቁም።

ለራስ ሰበብ፣ ለሰው ፍርድ

እኛ ስናረፍድ መንገዱ ተዘግቶ ነው። እሱ ሲያረፍድ ግዴለሽ ስለሆነ ነው። የሥነ ልቦና ሰው ሊ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1977 የሌሎችን ድርጊት ስናይ ሁኔታውን ረስተን ጠባያቸውን የመክሰስ ዝንባሌያችንን ስም ሰጥቶ ጽፎበታል። የግል ኃላፊነት የሚባለው ነገር በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ዱላ ይሆናል። ሥራ ያጣውን "ሰው ከፈለገ የማይችለው የለም" ይሉታል፤ የታመመውንም "ራስህን ብትጠብቅ ኖሮ" ይሉታል። ቃሉ ሰው ለራሱ ሲለው ያቆማል፤ ለወደቀ ሰው ሲነገር ግን የባሰ ይጥላል። ስለዚህ ሌላውን ከመገሠጻችን በፊት እሱ በነበረበት ቦታ ምን ምርጫ እንደነበረው መጠየቁ አይከፋም።

ጥፋቱን ያመነን ሰው መቅጣት

ይህኛው የአለቆችና የወላጆች ስህተት ነው። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት" ያለው ሠራተኛ ከደበቀው የባሰ ከተቀጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይናገርም።

የአሜሪካ የአቪዬሽን ሰዎች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የራሳቸውን ስህተት በምስጢር የሚያሳውቁበት ሥርዓት አለ። ሪፖርቱን የሚቀበለው ቀጪው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ናሳ ነው። አብራሪዎች ለሚቀጣቸው አካል በነፃነት አይናገሩማ። ሆን ብሎ ያላጠፋና በ10 ቀን ውስጥ ያሳወቀ አብራሪ ጥሰት ቢገኝበትም ባብዛኛው ከቅጣት ይድናል። ወንጀልና የደረሰ አደጋ ግን በዚህ አይሸፈኑም።

ቤት ውስጥም ከዚህ የራቀ አይደለም። ብርጭቆ መስበሩን በራሱ አፍ የተናገረ ልጅ ስብርባሪውን ከመጥረግ አይድንም። ጩኸቱ ግን ይቅርለት።