የባር ክላስ ስትጀምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ደብረ ብርሃን ላይ «ስፖርት ጀመርኩ» ያለ ሰው ወይ በጠዋት አስፋልት ላይ ይሮጣል፣ ወይ ጂም ገብቶ ብረት ያነሣል። ኤሮቢክስም አለ። የባር ክላስ ከእነዚህ ሁሉ ለየት ይላል። ከባሌት ዳንሰኞች ልምምድ የተወሰደ ነው። ግድግዳ ላይ በወገብ ከፍታ የተገጠመ ዘንግ ይዛችሁ፣ እግር፣ መቀመጫና ሆድ ላይ ያተኮሩ ትንንሽ እንቅስቃሴዎችን ትደጋግማላችሁ። ዘንግ ከሌለ የማይነቃነቅ ከባድ ወንበር ይበቃል። ዝላይ የለውም፣ ባሌት መቻልም አይጠየቅም። ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል።

ቆሞ ለሚያይ ሰው «ይሄማ ምን አላት!» የሚያሰኝ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ከዚሁ ንቀት ነው።

ትንሿን እንቅስቃሴ ትልቅ ማድረግ

አሰልጣኟ «አንድ ጣት ዝቅ፣ አንድ ጣት ከፍ» ትላለች። አዲስ ገቢው ግን እስከ መሬት ቁጭ ብድግ ይላል። ብዙ የሠራ ይመስለዋል እንጂ ራሱን እያሳረፈ ነው። ቀጥ ብላችሁ በቆማችሁ ቁጥር ክብደታችሁን አጥንት ይሸከመዋል፣ ጡንቻው ይተነፍሳል። ባር የሚፈልገው ጉልበታችሁን እጥፍ አድርጋችሁ እዚያው እንድትቆዩና በጥቂቱ ብቻ እንድትንቀሳቀሱ ነው። ሃያ ሰላሳ ጊዜ ሲደጋገም ያቺ አንድ ጣት ምን እንደምታደርግ ታዩታላችሁ።

እግር ሲንቀጠቀጥ መደንገጥ

እኛ ጂም አንዲት ልጆቻቸውን ያደረሱ እናት መጡ። ተረከዛቸውን አንሥተው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ጥቂት እንደቆዩ ጭናቸው ይርገበገብ ጀመር። «ልጄ፣ እግሬን ብርድ መታው መሰለኝ» አሉ። አሰልጣኟ ሳቋን እየያዘች፣ «እትዬ፣ ብርድ አይደለም፣ እየሠራልዎት ነው። ሲብስብዎት ትንሽ ከፍ ይበሉና ተመልሰው ይውረዱ» አለቻቸው። አደረጉት። ሲጨርሱ «ወይ ጉድ፣ ሳልሮጥ አለቀልኝ» እያሉ ጫማቸውን አጠለቁ።

መንቀጥቀጡ ጤነኛ ነው። የደከሙትን የጡንቻ ክሮች ሌሎች ሲተኳቸው መፈራረቁ እኩል ስለማይሆን እግር ይርገበገባል። ማቆም ያለባችሁ ጉልበት ወይም ወገብ ላይ የሚወጋ ሕመም ሲመጣ፣ ወይም ሲያዞራችሁ ነው።

ዘንጉ ላይ መንጠልጠል

እግር ሲደክም እጅ ሥራውን ይቀማል። ዘንጉን ጭምቅ አድርጎ መያዝ፣ ደረትን ወደ ፊት መድፋት፣ ትከሻን ጆሮ ድረስ መስቀል ይከተላል። ዘንጉ ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ ነው። ክርናችሁ ትንሽ እጥፍ እስኪል ራቅ በሉ፣ ጣቶቻችሁን አሳርፉበት። አልፎ አልፎ እጃችሁን ለአፍታ አንሡ። ከወደቃችሁ ተንጠልጥላችሁ ነበር ማለት ነው። (እስክስታ ለለመደ ሰው ትከሻን ጸጥ አድርጎ መሥራት ቅጣት ሊመስል ይችላል። ግን ይለመዳል።)

እግርን ከአቅም በላይ መክፈት

ተረከዝ ከተረከዝ ገጥሞ ጣቶች ወደ ውጭ የሚዞሩበት አቋቋም አለ። የባሌት ዳንሰኞችን በስልኩ ያየ ሰው እግሩን ቀጥ ባለ መስመር ካልዘረጋሁ ይላል። ዳንሰኞቹ የሚዞሩት ከዳሌያቸው ነው፣ ያውም ከልጅነታቸው ጀምረው ሠርተውበት። ዳሌው ያልተፍታታ ሰው እግሩን ብቻ በግድ ሲያዞር ፍዳውን የሚያየው ጉልበቱ ነው። በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል አንድ ቡጢ የሚያስገባ ክፍተት ለጀማሪ በቂ ነው። ዝቅ ስትሉ ጉልበታችሁ በሁለተኛዋ የእግር ጣት አቅጣጫ መሄዱን እዩ። ወደ ውስጥ ከወደቀ ክፍተቱን ቀንሱ።

ሆድን ለቅቆ ወገብን ማጉበጥ

ይሄን ስፖርት የጀመረችው ሎተ በርክ የምትባል ከጀርመን ወደ ለንደን የተሰደደች ዳንሰኛ ነች። ጀርባዋ ከተጎዳ በኋላ የባሌት ልምምዷን ከማገገሚያ እንቅስቃሴ ጋር አዋሕዳ በ1959 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ማሠልጠኛ ከፈተች። አሰልጣኞች ስለ ሆድና ወገብ የሚጨቀጭቁት ነገሩ ከመነሻው ከጀርባ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። እምብርታችሁን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ጎድናችሁን ሰብሰብ አድርጉ። መቀመጫን ወደ ኋላ መወርወርም፣ ከመጠን በላይ ወደ ፊት መጠቅለልም አያስፈልግም።

ከባድ ዳምቤል መምረጥ

ወንዶች እዚህ ላይ ይብሳሉ። 5 ኪሎ አንሥተው ይገቡና ክንድ ተዘርግቶ ሲቆይ ሁለተኛ ደቂቃ ላይ በዓይናቸው ምድር ይፈልጋሉ። በ1 ኪሎ ጀምሩ። በውኃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድም ይሆናል።

ብርዱንና ከፍታውን መርሳት

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያንሳል። ተወላጁ ለምዶታል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ዘመድ ግን እናንተ ያልተሰማችሁ ነገር ሊሰማው ይችላል፣ አትሳቁበት። ለማንም ቢሆን ትንፋሽን አፍኖ መሥራት አይሆንም። ሲከብዳችሁ በአፋችሁ አስወጡ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት አመዳይ ሜዳውን ሲያለብሰው የሰው ጡንቻም ግትር ነው። ባር እንደ ሩጫ ቶሎ አያሞቅም፤ ስለዚህ ማሟሟቂያው ካለቀ በኋላ እየገቡ «ደረስኩ» ማለት አይሠራም። ጃኬታችሁን ሰውነታችሁ ሲሞቅ አውልቁ፣ ስትወጡ መልሳችሁ ልበሱ። የሱፍ ካልሲ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። ከሥሩ የጎማ ነጥብ ያለው ካልሲ ካላገኛችሁ ምንጣፍ ላይ በባዶ እግር ሥሩ።

በጾም ቀን ጠዋት መግባት

በእኛ አገር ይሄ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሠርቶ፣ ላብ አውጥቶ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ሰዓታት ሲቆይ ቢያዞረው አይገርምም። ረቡዕና ዓርብን ዝለሏቸው፣ ወይም የማታውን ክፍለ ጊዜ ያዙ። ሁዳዴ ላይም ማታው ይሻላል። የጾም ሰዓታችሁ ሲያበቃ ውኃ ጠጥታችሁ፣ ጥቂት በሶ ቀምሳችሁ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግቡ። ሽሮው ወይም ምስሩ ከስፖርት በኋላ ይድረስ። ጡንቻው የሚጠገነው በእሱ ነው። የጾም ባልሆነ ቀንም ቢሆን ጥግብ ብሎ መግባት ዋጋ ያስከፍላል። ሆድ አጥብቆ መሥራት አለና።

ለአሰልጣኟ አለመንገር

እርግዝና፣ የቅርብ ወሊድ፣ ቀዶ ጥገና፣ የቆየ የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ካለ ከመጀመሩ በፊት ጠጋ ብላችሁ ንገሯት። ሁሉም እንቅስቃሴ ቀለል ያለ አሠራር አለው። ካላወቀች ግን አትሰጣችሁም።

በማግስቱ መመለስ

የጡንቻ ሕመሙ የሚበረታው ከሠራችሁ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ደረጃ መውረድ ያስቃል፣ በርጩማ ላይ መቀመጥ ያስለቅሳል። እልህ ይዟችሁ ሳታርፉ አትድገሙት። ቀስ ብላችሁ በእግራችሁ ሂዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ እያረፋችሁ ቀጥሉ። ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም እግራችሁ አብጦ አልታዘዝ ካለ ግን የስፖርት ድካም ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።